የጓያ እንፋሎት

አልታየች የልጇን በረባሶ አቧራ ልታራግፍ አንሥታ እጇ ቀጥ አለ። ጫፉ ተበልቶ አልቋል፤ ተረከዙ ግን እንደተገዛበት ቀን ነው። ዘርአ ዳዊት በጣቶቹ ነበር የሚራመደው! "እርሻው አድክሞኝ ነው" ሲላት አምናው ነበር፤ ክፉን ነገር ሳይመጣ የምታይ ሴት ተብላ!

በዚያ ዓመት ውርጭ ገብሱንም ባቄላውንም መትቶ፣ ለባል አልባው ቤት በጎታው የቀረው ጓያ ብቻ ነበር። ጓያ እግር እንደሚይዝ ማን ያጣዋል? አልታየችም አልተዘናጋችም። ንፍሮ በጣደች ቁጥር "ውጣ! እንፋሎቱ እንዳይመታህ!" እያለች ታባርረዋለች። የጓያው ገለባ ላይም አታስተኛውም። ሲመለስ ግን፣ አራሹ እሱ ነውና፣ ትልቁን የጓያ ቂጣ ለእሱ ትቆርሳለች።

በረባሶውን ባየች ማግስት በጎረቤት በቅሎ አስቀምጣ ደብረ ብርሃን ወሰደችው። ሐኪሙ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ተፈናጠረ።

"ምን ትበላላችሁ?"

"ጓያ ነው፣ ጌታዬ። እንፋሎቱን ግን አንድ ቀን አላስነካሁትም!"

"እናቴ፣ እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው። በየቀኑ ሲበሉት ነርቭ ይጎዳል።"

"እንግዲያው መድኃኒቱን ስጡን።"

ሐኪሙ መዶሻውን አስቀመጠ። "የተጎዳው አይመለስም። እንዳይብስበት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተወው።"

ሲመለሱ ዘርአ ዳዊት በቅሎዋ ላይ ሆኖ ሳቀ። "እማዬ፣ ደጅ በብርድ የቆምኩበትን ማን ይክሰኛል?"

"ዝም በል! በምን አፍህ ትስቃለህ?"

"እና ላልቅስልሽ?"

አልታየች ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ቂጣውን የቆረሰችው በገዛ እጇ ነው።

ማታ ለጎታው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። "ቀዩን በሬ ነገ ለዓወል ሰጥቼ ማሽላ እወስዳለሁ" አለች። ዓወል ከአልዩ አምባ ማሽላ እያመጣ የሚለውጥ ነጋዴ ነው።

"በአንድ በሬ ማን አረሰ?"

"ያለ እግርስ?" ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

 እሳቱ እየከሰመ ሄደ።

በሩን ማታ ማታ የሚቀረቅረው ዘርአ ዳዊት ነበር። ዛሬ አልታየች ቀድማ ብድግ አለች።

"ተቀመጪ፣ እማዬ" አላት፣ ዱላውን እየሳበ።

ከመደቡ እስከ በሩ ቅርብ ነው። ጉልበቶቹ እየተፋተጉ፣ በጣቶቹ ጫፍ ተራመደ። ልትደግፈው የዘረጋችውን እጅ ወደ ጉያዋ መልሳ ተቀመጠች። መቀርቀሪያው ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሣችም።