ሃያ ሦስት ወረቀት እና የእኔ

ሚስተር ፕራውስ የላይኛውን ማሳ በር በሰንሰለት የቆለፈው በመጋቢት ነው። እርሻውን ከገዛ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በሩ ላይ «የግል ይዞታ፣ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሰሌዳውን አነበብኩ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ አየሁት፣ ተመለስኩ። በዚያን ቀን እህቴ ኢዲት ዳቦዋን አላገኘችም።

ኢዲት ከማሳው ማዶ ኔዘር ጋርዝ በሚባል ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። በማሳው ካለፍኩ ከቤቴ እስከ ቤቷ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። በአስፋልቱ አራት ማይል ነው፤ አውቶቡስ የለም፣ እኔም መኪና ነድቼ አላውቅም። ዳቦዋን፣ መድኃኒቷን፣ በክረምት ከሰሏን የማደርስላት እኔ ነኝ። በሩ ከተቆለፈ ወዲህ መኪና ያለው ሰው እየለመንኩ አደርስላት ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ከቀረ ኢዲት ወደ አረጋውያን መኖሪያ መግባት እንዳለባት ከካውንቲው አስተዳደር የመጣች ሴት ነገረችን። ኢዲትም «ሬሳዬን ትወስዳላችሁ፣ እኔን ግን አትወስዱም» አለቻት። ሴትዮዋ ይህንንም በደብተሯ ጻፈች።

በአገራችን ሕግ ሰዎች በአንድ መንገድ ሳያስፈቅዱ፣ ሳይደበቁ፣ አጥርም ሳይሰብሩ ሃያ ዓመት ከሄዱበት፣ ባለመሬቱ ወደደም ጠላም መንገዱ የሕዝብ ይሆናል። ግን ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ ቅጽ ይሞላል፤ ነገሩ ከከረረም መንግሥት በሚልከው መርማሪ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል።

የመንደራችን ጸሐፊ ብሬንዳ አልደርሰን ሰው ሁሉ ወደ መንደሩ አዳራሽ እንዲመጣ አደረገች። ደግ ሴት ናት፤ ትቸኩላለች እንጂ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ያለማቋረጥ ተጠቅሜአለሁ።» ሃያ ሦስት ሰው አጎንብሶ ገለበጠ።

እኔ አልገለበጥኩም። ብሬንዳ የጻፈችው ኮንቲኑየስ የሚለውን ቃል ነው። እኔ የጻፍኩት ኮንቲኑዋል የሚለውን ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፤ ራሳቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት ጅራታቸው ላይ ነው። ብዙ የተማረ ሰው እንኳ ሲያምታታቸው ሰምቻለሁ። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ይህን ግን አውቃለሁ። በድንጋይ ካባው ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ፓምፕ ጠብቄአለሁ። ትልቁ ፓምፕ ኮንቲኑየስ ነው፤ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይስባል። ትንሹ ኮንቲኑዋል ነው፤ ውሃው ሲሞላ ይነሳል፣ ሲጎድል ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ይውላል። ሁለቱ ቃላት በየፓምፑ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፈው ነበር። አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን «እነዚህን ካምታታህ ታች ያሉት ሰዎች ይሰምጣሉ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አምታትቼ አላውቅም።

ብሬንዳ ወረቀቴን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ሆራስ፣ ምነው? እየተመላለስኩ ነው የሚለው። እየቆመ የሚሄድ ማለት እኮ ነው!»

«አዎ። እኔ እየቆምኩ ነው የሄድኩት።»

«ጠበቃቸው ይህን ቢያገኝ ይበላናል። በፈጠረዎት፣ ያስተካክሉት።»

«የተስተካከለ ነው።»

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ኖርማን ቢርትዊስል ከጀርባዬ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ መዝገበ ቃላት ዋጥክ እንዴ? መሄድ መሄድ ነው!»

«አንተ ስትነዳ ፌርማታ ላይ አትቆምም ነበር?»

«እሱማ አይቆምም ነበር፣ እኔ ምስክር ነኝ!» አለች አንዲት ሴት፤ ሰው ሳቀ። ኖርማን አልሳቀም።

ቅጹ ላይ ሌላም ጥያቄ ነበር። «መንገዱን ያልተጠቀሙበት ጊዜ አለ?» ይላል። ሃያ ሦስቱም «የለም» ብለዋል። እኔ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አንደኛ፦ የከብት አፍተግር በሽታ የገባ ጊዜ፣ ካውንቲው መንገድ ሁሉ ስለዘጋ። ሁለተኛ፦ ሚስቴ በሞተች ዓመት፣ ከየካቲት እስከ መስከረም፣ ከእህቴ ጋር ስለተጣላሁ።

ብሬንዳ ሁለተኛውን አንብባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህንን ማን ጠየቀዎት?»

«ቅጹ።»

«ኢዲትን ከቤቷ የሚያስወጣት ይህ ወረቀት ቢሆንስ?»

ይህንን አስቤበት ነበር። ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። «በውሸት ያቆየሁት መንገድ የእኔ አይሆንም» አልኳት። ወረቀቱን ፈርሜ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች በመንደሩ ሱቅ በር ላይ ሲያዩኝ ወሬ ያቆሙ ነበር።

ችሎቱ በመስከረም በአዳራሹ ተቀመጠ። መርማሪዋ ሚስስ ሌይተም ከሩቅ ከተማ የመጣች ሴት ናት፤ ያደረገችው የተራራ ጫማ ነው፣ ብዙም አትናገርም። ሚስተር ፕራውስ ከፊት ተቀመጠ፤ ከጎኑ ረጅም ወጣት ጠበቃ።

ከእኛ ወገን መጀመሪያ የተጠራው ኖርማን ነው።

«ያለማቋረጥ ብለዋል፣ ሚስተር ቢርትዊስል።»

«ብያለሁ።»

«አፍተግር በገባ ጊዜ መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያኔም ሄደዋል?»

ኖርማን ጠረጴዛውን አየ። ሄጃለሁ ቢል ሕግ ጥሷል፣ አልሄድኩም ቢል ወረቀቱ ውሸት ነው። «ያኔማ ማን ሄደ?» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አቋርጠዋል።»

«እንደዚያ ከሆነ… አዎ።»

ጠበቃው አሥራ አንድ ወረቀት አንስቶ አንድ በአንድ አነበበ። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ቃል፣ በሁለቱ ላይ ያው የፊደል ስህተት። «ይህን የደረሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የብሬንዳ አንገት ቀላ። ሚስተር ፕራውስ እግሩን አጣጥፎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

በማግስቱ እኔ ተጠራሁ። ኢዲት መጥታ ነበር፤ የኖርማን ልጅ በመኪና አምጥቷት ከኋላ ረድፍ ኮፍያዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ቅጽ አልሞላችም። ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም።

«ሚስተር ሜትካፍ» አለ ጠበቃው፣ «ከሁሉ የተለየ ቃል ጽፈዋል። ተሳስተው ነው?»

«አይደለም።»

«ልዩነቱን ያውቃሉ?»

«አንዱ የማይቆም ነው። አንዱ እየቆመ የሚመለስ። እኔ እተኛለሁ፣ እታመማለሁ፣ እጣላለሁ። ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ የሄደ ሰው ካለ ጫማውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። መርማሪዋ ቀና ሳትል ጻፈች።

«ሐቀኛ ሰው ነዎት» አለ። እንዲህ ሲሉኝ እጠነቀቃለሁ። «እንግዲያው ሰባት ወር አልሄዱም። ጠቡ በምን ነበር?»

«ሚስቴ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ልብሷን ሰብስባ ለጸሎት ቤቱ የአሮጌ ልብስ ሽያጭ ሰጠች። ሳትጠይቀኝ። አንድ እሑድ የሚስቴን አረንጓዴ ካፖርት ሌላ ሴት ለብሳው አየሁ።»

ወደ ኋላ አላየሁም።

«አዝናለሁ» አለ ጠበቃው። «ግን ያኔ በማሳው ማዶ የነበረው ቤት የእህትዎ ብቻ ነው። የሌሎቹ ወረቀት ዋጋው ምን እንደሆነ ትናንት አይተናል። እርስዎ ደግሞ አልሄዱም። ስለዚህ መንገዱ ሰባት ወር ተቋርጧል።»

«እኔ አቋርጫለሁ። መንገዱ አላቋረጠም።»

«በምን ያውቃሉ? ቤትዎ ተቀምጠው ነበር።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ለማንም ነግሬው የማላውቀው መልስ ነው። ውሃ ጠየቅኩ፤ ብሬንዳ አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ።

«በየሐሙሱ የጓሮ ግንቤ ላይ አንድ ሳህን ይቀመጥ ነበር» አልኩ። «በጨርቅ የተሸፈነ። በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋና የድንች ፓይ። ሳህኑ የኔዘር ጋርዝ ነው፤ ከእናታችን ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሳህን ደግሞ በእግሩ አይሄድም።»

«ያመጣውን ሰው አይተዋል?»

«አይቻለሁ። በማሳው በኩል ስትመጣ፣ በማሳው በኩል ስትመለስ።»

«የት ሆነው?»

«ከመጋረጃው ጀርባ። አልወጣሁም።»

«አውቅ ነበር!» የሚል ድምፅ ከኋላ ጮኸ። ኢዲት በምርኩዟ ተደግፋ ቆማለች። «አንተ ደረቅ! መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር!»

መርማሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች። «እሜቴ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ከፈለጉ በተራዎ እሰማዎታለሁ።»

«እፈልጋለሁ!»

ጠበቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው። «ፓዩን በሉት?»

«በላሁት። ሳህኑንም አጥቤ እዚያው ግንቡ ላይ አስቀምጥ ነበር።»

ኢዲት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለል አይነካም ነበር። ጠበቃው በለሰለሰ ድምፅ ጀመረ።

«በዚያ ወራት በየሐሙሱ ሄድኩ ነው የሚሉት?»

«ሐሙስ ለእሱ። ማክሰኞ ለጸሎት ቤቱ የሴቶች ስብሰባ። ዝናብ ሲጥልም፣ በረዶ ሲጥልም።»

«ሳያቋርጡ?»

«ምን ማለትህ ነው፣ የኔ ልጅ? ማታ ማታ እተኛ ነበር።»

«የዚያን ጊዜው ባለእርሻ ፈቃድ ሰጥቶዎት ነበር?»

«ለምኑ?»

«ለማለፍ።»

ኢዲት ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «ሽማግሌው ዲንስዴል ማሳው ውስጥ ሲያገኘኝ ስለ አየሩ ያወራኝ ነበር። እኔም ስለ በጎቹ እነግረው ነበር። ፈቃድ ጠይቄው አላውቅም። ባሌንም ሳላስፈቅድ ነው የኖርኩት፣ እንኳን ዲንስዴልን። እዚያ የተቀመጠውንም ሰውዬ አላስፈቅድም።» በምርኩዟ ሚስተር ፕራውስን አመለከተች። እሱ ያጣጠፈውን እግሩን ፈታ።

መርማሪዋ እሱን ትታ ለጥያቄው ብቻ እንድትመልስ ነገረቻት። «መልሻለሁ» አለች ኢዲት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም መንገዱን ልናይ ወጣን። ደንቡ ሆኖ በዚያ ጉዞ ስለ ጉዳዩ ማንም አይናገርም። ሚስተር ፕራውስ ሰንሰለቱን ፈትቶ ቆመ። መርማሪዋ ከፊት፣ እኛ ከኋላ በዝምታ ሄድን። ለኖርማን ዝም ማለት ከባድ ነበር፤ ጉንጩን ነፍቶ ይተነፍሳል። መርማሪዋ የድንጋይ ግንቡ መሻገሪያ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ደረጃውን በመዳፏ ዳሰሰች። መሐሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። የዚህን ያህል ለመጎድጎድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እኔ ከድንጋይ ካባ የመጣሁት ልነግራት እችል ነበር። ደንብ ነውና ዝም አልኩ።

ስንመለስ ኖርማን በሩ ጋ ጠበቀኝ። «ጠበቃው የእኔን ወረቀት ቀዶ ጣለው፣ አይደል?» አለኝ።

«አንተ ነህ የቀደድከው።»

«አንተ እንጨት ነህ፣ ታውቃለህ?» አለ። ሲጋራ ሰጠኝ። ማጨስ ከተውኩ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ተቀበልኩት።

ደብዳቤው በአሥራ አንደኛው ሳምንት መጣ። ብሬንዳ እየሮጠች አመጣችው፣ ፊቷ ገና ከርቀት ነገረኝ። ዘጠኝ ገጽ ነው። በሰባተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ደጋግሜ አነበብኩ፦ ከመንገደኞቹ መካከል ማንም ያለማቋረጥ አልተጠቀመም፤ መጠቀምም አይጠበቅበትም፤ በበሽታው ጊዜ መንገዱን የዘጋው ካውንቲው እንጂ ባለመሬቱ ስላልሆነ አይቆጠርም፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ይሄድ እንደነበር ግን ሚስተር ሜትካፍና እህቱ ያለ ማጋነን አስረድተዋል። መንገዱ በሕዝብ መንገዶች ካርታ ላይ ይግባ።

ዳቦውን በከረጢት ያዝኩና ወጣሁ። ሚስተር ፕራውስ በሩ ላይ ነበር፤ ሰሌዳውን በመፍቻ እየነቀለ። ሰንሰለቱ ሣሩ ላይ ተጥሏል። ገለል አለልኝ።

«እንግዲህ በየቀኑ ሊያልፉ ነው» አለ።

«አይደለም» አልኩት። «ስፈልግ ነው የማልፈው።»

አለፍኩ።