የሬይኖ መጫሪያዎች

በበረዶ ላይ በምትነዳው ስኖሞቢሏ ላይ የሙቀቱ ቀይ መብራት ሲበራ ካይሳ ግራ እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆመች። ከኋላዋ ይከተላት የነበረው አጎቷ አርቮም ስኖሞቢሉን አጠፋ።

"ደግሞ ጋለች!" አለች የራስ ቁሯን እያወለቀች። "አራት ማይል እንኳ አልሄድንም።"

"የአባትሽ ሞተር አይደለች? ጠባይዋም የሱው ነው። ቶሎ ትግላለች፣ ለቀቅ ሲያደርጓት ትበርዳለች።"

ካይሳ አልሳቀችም። አርቮ ቀልድ የማይሆንለት ሰው ነው። መንደሩ ይህን ካወቀ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

የዘንድሮው ክረምት በረዶ ነፍጓቸዋል። በድሮው የባቡር መንገድ ላይ የቀረው እንደ መስታወት የጠነከረ ግግርና ጠጠር ነው። ስኖሞቢል ደግሞ የምትበርደው የጎማ ሰንሰለቷ ከሥር እየዛቀ በሚረጭባት በረዶ ነው፤ የሚዛቅ ከጠፋ ውሃዋ ይፈላል። ለዚህ መላው መጫሪያ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥለው ግግሩን እንደ ዶሮ እየጫሩ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚሰዱ ሁለት የብረት ሽቦዎች። አርቮ አሉት። በካይሳ ሞተር ላይ ግን ያለው ባዶ የብሎን ቀዳዳ ነው። አዲስ እንግዛልሽ ቢላት "አባቴ እንደተዋት ነው የምነዳት" ብላ እምቢ አለች።

አርቮ ከጥዶቹ ጥላ ሥር የተረፈችውን አሮጌ በረዶ በአካፋ እየዛቀ በሞተሯ እግር ማሳረፊያ ላይ ከመረላት። በረዶው ጭስስ ብሎ ተነነ።

"እዚያ ብወርድስ?" ካይሳ በአገጯ ወደ ሐይቁ አመለከተች። ንፋስ ያከማቸው ለስላሳ በረዶ ዳርቻውን ሞልቶ ተኝቷል። "ሁለት ዙር ብዞርበት ትበርድ ነበር።"

"አይሆንም!" የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። "ከለስላሳው ሥር ያለው ግግር ስስ ነው። ብርድ ልብስ እንደደረቡለት ነው፣ አይጠነክርም።"

"አውቃለሁ። እሱም ያውቅ ነበር።"

አምና በየካቲት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የካይሳ አባት ሬይኖ መንገዱን ለቆ ወደ ሐይቁ የወረደው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። እሱን በማግስቱ፣ ሞተሯን በሦስተኛው ቀን ከውሃው አወጡ። ካይሳ በጋውን ሙሉ እየፈታች ስታደርቃት ከረመች። መንደሩ ቢራ ጠጥቶ ነው አለ። ሌሎች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከቢራ የባሰ ነገር አሉ።

አርቮ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሲሞቁ ከነበሩት ሁለት በወረቀት የተጠቀለሉ የሥጋ ቂጣዎች አንዱን ሰጣት። ያዘችው እንጂ አልቀመሰችውም።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለማንም ያልነገርኩት ነው። መጫሪያዎቹ አልተሰበሩም። በመፍቻ፣ በወጉ ነው የተፈቱት። ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ የነዳ ሰው መጫሪያውን ፈትቶ የሚወጣው መመለስ ካልፈለገ ነው፣ አይደል?"

አርቮ አካፋውን ወደ ቦታው መለሰ።

"እማዬም እንደዚያ ነው የምታስበው። አፍ አውጥታ አትናገር እንጂ፣ ስሙ ሲነሳ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች።"

አርቮ የአደጋው ዋዜማ፣ ያቺ ዓርብ መጣችበት። ከምሳ በኋላ የራሱን መጫሪያዎች ወደ ላይ ሳያነሳ ሞተሩን ወደ ኋላ ነድቶ ሁለቱንም ቀነጠሳቸው። ሬይኖ በየዓመቱ የሚስቅበት በዚሁ ጥፋት ነው፤ "ዘንድሮስ ስንት ሰበርክ?" ሳይለው ክረምት አይገባም። ያን ሳቅ ፈርቶ ወደ ወንድሙ ጋራዥ ገባ። እዚያ አገር ጋራዥ የሚቆልፍ የለም፤ የወንድም ሲሆን ማንኳኳትም አያስፈልግም። ሰኞ እመልሳቸዋለሁ ብሎ የሬይኖን መጫሪያዎች ፈትቶ በራሱ ሞተር ላይ አሰራቸው።

ከዚያ ወዲህ በነዳ ቁጥር ከኋላው ይሰማዋል፤ ጭርር... ጭርር... አንድ ሰው በግግሩ ላይ እየተጎተተ የሚከተለው ይመስለዋል። ስንት ጊዜ ዞሮ አይቷል! ፈትቶ እንዳይጥላቸው በእጁ መያዝ ሊኖርበት ነው። እሱን ደግሞ አልቻለም።

አሁን ግን መፍቻውን አወጣና በገዛ ሞተሩ ጎን በግግሩ ላይ ተጋደመ።

"ምን እያደረግክ ነው? አጎቴ?"

ሁለቱን ሽቦዎች ፈትቶ ዘረጋላት። በመያዣቸው ውስጠኛ በኩል ሰማያዊ ቀለም አለ። ሬይኖ ወንድሙ ሳይጠይቅ ዕቃ እንደሚያነሳ ስለሚያውቅ ዕቃውን ሁሉ ሰማያዊ ይቀባ ነበር።

"ዓርብ ዕለት ወሰድኳቸው" አለ አርቮ። "የኔን ሰብሬ፣ እንዳይስቅብኝ ብዬ። አልነገርኩትም። ጋለችበት ካይሳ፣ ሌላ ምንም የለም። ሊያበርዳት ነው የወረደው። ወደ ቤቱ ሊመለስ ነበር።"

ቀለሙን በአውራ ጣቷ ደጋግማ አሸችው።

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ሙሉ።"

"እማዬ ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጥክ? ሾርባዋን እየጠጣህ?"

መፍቻውን ከእጁ ነጥቃ ተንበረከከች። ሊያግዛት ጎንበስ ሲል በክርኗ ገፋችው። ብሎኖቹን አጥብቃ ስትጨርስ ቂጣውን በሱ ሞተር መቀመጫ ላይ አኖረችለት።

"ጉዞው እዚህ ላይ ይብቃ። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ለእማዬ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።"

"እሺ።"

መጫሪያዎቹን ወደ ላይ ሰቀለቻቸው፣ ወደ ኋላ ነዳች፣ ዞረች፣ መልሳ አወረደቻቸው። ከዚያ ሄደች።

አርቮ ተከተላት። ከኋላው ምንም አይሰማም፤ ከዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጭርርታው አሁን ከፊቱ ነው፣ እየራቀ።

አንድ ማይል ሳይሞላ የሱም ቀይ መብራት በራ። ሐይቁ አሁንም በጎኑ ነው፤ ለስላሳው በረዶ አልጋ የተነጠፈ መስሎ ይጠብቃል። አንድ ዙር ብቻ፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት፣ ካይሳ ሳትርቅ። ሬይኖም ይህንኑ ሳያስብ አልቀረም። አርቮ እጁን ከመሪው ላይ አነሳና ቁልፉን ዘጋ።

በመንገዱ መሃል፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ፣ የቀዘቀዘውን ቂጣ ይዞ ተቀመጠ። ሞተሩ እስኪበርድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አያውቅም። ከመታጠፊያው ወዲያ ጭርርታው እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ ድንገት ቆመ።

አልተመለሰችም። ግን ሞተሯን አጥፍታ እየጠበቀችው ነው።