መጋረጃው ሲዘጋ

አባቷ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እጁ ግን አልሞተም። ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ መዳፉ የተወው ጥቁር መስመር፣ ቤቱ ቀለም ተቀብቶም ይታያት ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቷ «በል፣ ወደ ጓዳ!» ትለዋለች፤ ዓይነ ስውር ባል የሚያሳፍር ይመስል። እሱም ይገባል፤ ምን ያድርግ?

ሴት ልጁ አድጋ የከዋክብት ተመራማሪ ሆነች። አሁን ደግሞ ያው የአባቷ በሽታ መጣባት፤ ጨለምለም ሲል ምንም አታይም። ማታ የማያይ ኮከብ ተመራማሪ! ዋና የማይችል ዓሣ አጥማጅ በስንት ጣዕሙ። ሥራዋን እንዳታጣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የዚያን ቀን ለተማሪዎች ስለ ሰማይ ልታስተምር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ስትመጣ አለቃዋ ተከትሏት ከኋላ ተቀመጠ። በክፍሉ ላለችው ዓይነ ስውር ልጅ ብላ ካርቶን ላይ ኮከቦቹን በአዝራር ሰፍታ ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊት ቆማ እየዳበሰች «ይቺኛዋ ለብቻዋ ናት፤ አይደብራትም?» ስትል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ከልቧ ሳቀች።

ስህተቷ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። የፕሮጀክተሩን ሥዕል ለማሳየት፣ ልማድ አይለቅምና፣ መጋረጃውን በገዛ እጇ ዘጋችው። ለልጆቹ ድንግዝግዝ ነው፤ ለእሷ ድቅድቅ። ጠረጴዛው የት እንደገባ ጠፋት። እጇ ሳታዝዘው ግድግዳውን ዳበሰ። ከግድግዳው ውስጥ ሌላ መዳፍ አፈፍ ያደረጋት መሰላት።

«በዚህ በኩል ነው፣ እትዬ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ፤ የመዳፏን ኮሽታ ሰምታለች። እጅጌዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛው መራቻት።

የክፍሉ መምህር መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ጮኸ። «አንቺ! ምን ነካሽ? እንግዳ እንዲህ ይጎተታል? በይ፣ ወደ ጥግሽ!»

ልጅቷ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄደች። ተመራማሪዋ ያንን አካሄድ ታውቀዋለች። ዝም ካለች እንጀራዋ ይተርፋል፤ ልጅቷም ጥጉን ትለምደዋለች።

«ተመለሺ፣ ልጄ» አለች። «መምህር፣ እሷ አላጠፋችም። እኔ ነኝ ጨለማ ውስጥ የማላየው። ጠፍቶኝ መራችኝ።»

አለቃዋ ከወንበሩ ተነሳ።

ልጅቷ ተመልሳ እጅጌዋን ያዘች። «ታዲያ መጋረጃውን ይዝጉት እንጂ፣ እትዬ። እነሱ ሥዕሉን ይዩ፤ እኛ ካርቶኑ አለን።»

ተመራማሪዋ ዘጋችው። በጨለማው ሁለቱ ጎን ለጎን አዝራሮቹን ሲዳብሱ፣ ሌላ እጅ፣ ትልቅ እጅ፣ አብሯቸው የሚዳብስ መሰላት። አባቷ ከጓዳ ወጥቷል።