አቤት በይ

አምስት ልጅ ሳሳድግ አንዱም ሲጠራ «እ» እንዲለኝ ፈቅጄ አላውቅም። «አቤት» ነው የሚባለው! «እ» ያለ ቀን ጆሮውን ነበር የምቆነጥጠው። የልጅ ልጄ ኤዶም መስማት ተስኗት ስትወለድ፣ እግዜር ለዚያ ሁሉ ቁንጥጫዬ ነው የከፈለኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ።

በሦስት ዓመቷ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀበሩላት፤ ከውጭ ደግሞ ድምፅ የሚቀበል ማሽን ጆሮዋ ላይ ይንጠለጠላል፣ ክብ ማግኔቱ ፀጉሯ ላይ ይለጠፋል። «መስማት ትማራለች፣ ቀስ በቀስም ትናገራለች» አሉን።

እናቷ ማክዳ ቴዎድሮስ አደባባይ ቢሮ ስለምትሠራ፣ ጠዋት ጠዋት ኤዶምን ፒያሳ ክርና ቁልፍ የምሸጥበት ሱቄ ታደርሳታለች። ማሽኑ ከተገጠመላት አምስት ወር ሞላ። ብጠራት ዝም፣ ባጨበጭብ ዝም። ማክዳ ከሳች። «እማዬ፣ በከንቱ ነው እንዴ ልጄን ያስቀደድኳት?» ትለኛለች። እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፣ ጉዴን ሳላውቅ!

አምስት ኪሎ ያለችው የንግግር ባለሙያ፣ ሰምሃር የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ማሽኑን ከኮምፒውተር ጋር አገናኘችና ፊቷ ተለወጠ። «ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት ይመዘግባል። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሰማችው፤ ቀን ቀን ማግኔቱ ከራሷ ላይ ይነሳል። ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

ማክዳ ዞራ አየችኝ።

በገዛ እጄ የሠራሁትን ወፍራም የሱፍ ኮፍያ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ምን ላድርግ? ሱቅ የገባው ሁሉ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለ ያፈጥባታል። የሰው ዓይን ፈራሁ! ማክዳ ስትሄድ ኮፍያውን እስከ ጆሮዋ እስብላታለሁ፤ ከመምጣቷ በፊት አወልቅና ማግኔቱን መልሼ እለጥፋለሁ። ማግኔቱ ኮፍያው ሲወልቅ አብሮ የሚነሳ እንጂ፣ ኮፍያው ገፍቶት ቀኑን ሙሉ ተነስቶ የሚውል አልመሰለኝም።

«ጆሮዋን ዘጋሽባት?» አለችኝ ማክዳ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰምሃር ግን እጄን ያዘች። «እትዬ አዳነች፣ ይሄ እኮ መልካም ዜና ነው! ማሽኑም ደህና ነው፣ ልጅቷም ደህና ናት። ኮፍያው ይቅር። ፊትዎን ሳያሳዩ፣ ሳይነኳት፣ ከኋላዋ ይጥሯትና ይጠብቁ። ካልመለሰች መልሱን እርስዎ ይበሉላት፤ ሰምታ ሰምታ ነው የምትናገረው።» ማክዳ እዚያው ወንበሩ ላይ በደስታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አምስት ወር ሙሉ ይዞኝ የነበረው ጭንቀት ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲያ የሚያፈጥ ያፍጥ! «ጆሮዋ ነው፣ ቁልፍህን ግዛና ሂድ» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ «ኤዶም!» ብዬ ጠርቼ፣ ጠብቄ፣ ራሴው «አቤት!» እላለሁ። ጎረቤቴ ሲራጅ ጫማ ሻጩ «እትዬ አዳነች ለብቻቸው ማውራት ጀመሩ» እያለ አራዳን ሁሉ አሳቀብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ስጠራት ቀና አለች። በወሩ መዞር ጀመረች። ቃል ግን የለም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ባንኮኒው ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትደረድራለች።

«ኤዶም!» አልኩ። ጠበቅኩ። ዞር እንኳን አላለችም፣ ሥራ ላይ ናታ!

«እ?» አለችኝ።

ሲራጅ እልልታዬን ሰምቶ፣ አንድ እግር ጫማ በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ምን ሆኑ? አቤት አለች?»

«ኧረ የምን አቤት! ‹እ› አለችኝ፣ ባለጌ!» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ፣ እና ደግሜ ጠራኋት።