የነሐሱ ፊት

«ትንሽ ከፍ አድርገው» አለች ጵርስቅላ።

ዘበኛው ሀሰን ሐውልቱ የተሸፈነበትን አቡጀዲ በበትሩ ገለጥ አደረገላት። ቀና ብላ አየች። አየችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ አቡጀዲውም ተመልሶ ወረደ።

«ይሄ ብሩ አይደለም።»

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ተረፈ ሳቅ አሉ። «ነሐስ እኮ ነው፣ ወይዘሮ ጵርስቅላ። ቁርጥ ባልዎን ይመስላል ያለ የለም።»

«ጴጥሮስ ነው።»

ሳቃቸው ጠፋ። የሆሳዕና ከተማ ሰው ከአዲሱ ቴአትር ቤት ፊት መሰብሰብ ጀምሯል። የአውራጃው ገዥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ። ከሐውልቱ ሥር በአራት ብሎን የታሰረው ሰሌዳ «አሥር አለቃ ብሩ» ይላል።

ባሏና ጓደኛው ጴጥሮስ ኦጋዴን ውስጥ በአንድ ቀን ወድቀው እዚያው ተቀብረዋል። ከተማው ሐውልት ያሠራው ለራሱ ልጅ ለብሩ ነው፤ ጴጥሮስ የሆመቾ ሰው ስለነበር ያሰበው አልነበረም። ቀራጺው ፎቶግራፍ ሲጠይቅ ጵርስቅላ እጅ ላይ የተገኘው ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ብቻ ነበር። ብሩ በስተቀኝ ነው። ፊቱን በእርሳስ እንዳታበላሽ ፎቶውን ገልብጣ፣ በጀርባው በኩል በስተቀኝ ምልክት አደረገች። ምልክቷ ያረፈው በጴጥሮስ ጀርባ እንደነበር የገባት አሁን ነው።

ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ቆም የምትልበት፣ የመቃብር ምትክ ይሆነኛል ብላ ነበር።

«ስለ እግዚአብሔር ዝም ይበሉ» አሉ አቶ ተረፈ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቆቡ ግንባሩን ሸፍኖታል። ማን ይለየዋል?»

«እናቱ ይለዩታል። የጠራኋቸውም እኔው ነኝ።»

«በገዥው ፊት ሊጮሁ? በማግስቱ እኔን ሞርሲቶ ይወረውሩኛል!»

«ሞርሲቶ ምን አለው፣ ጌታዬ?» አለ ሀሰን ቅር ብሎት። «አገሬ እኮ ነው።»

የጴጥሮስ እናት እማማ ወርቅዬ ሕዝቡን እየከፈሉ መጡ። ከሆመቾ በሌሊት ተነስተው ነው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ጵርስቅላን አንገቷን አቅፈው ሳሟት።

«ተመስገን፣ ልጄ። አንቺስ ሄደሽ የምታለቅሺበት አገኘሽ። እዚህ ስትቆሚ ለኔም ልጅ አንዳንዴ አልቅሺለት፣ እሺ?»

ከአስፋልቱ ማዶ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሕዝቡ መንገድ መልቀቅ ጀመረ፤ አቶ ተረፈ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱ።

«ሀሰን፣ መፍቻ አለህ?» አለች ጵርስቅላ።

«አለኝ፣ እትዬ።»

«ሰሌዳውን ንቀለው።»

«ኧረ ወይዘሮ ጵርስቅላ!» አቶ ተረፈ እጇን ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም። «ለገዥው ምን ልበላቸው?»

«ስሙ ተሳስቷል ይበሏቸው። ፊቱ ልክ ነው።»

የእማማ ወርቅዬን ክንድ ያዘች፤ ለራሷ ወደ ተዘጋጀው የፊት ወንበርም ወስዳ አስቀመጠቻቸው።