የተመረገው አውቶቡስ

በለጡ የምትኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ባሏ ጋረደው በሕይወት ሳለ የሰሊጥ አጫጆችን ከጠረፍ እስከ እርሻው ያመላልስበት ነበር። እሱ ሲሞት ሞተሩም አብሮ ተኛና ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ ዳር እንደቆመ ቀረ። ከካርቱም የተፈናቀለው ሰው ከተማውን ከሞላው ወዲህ የቤት ኪራይ አይቀመስም፤ እሷ ግን የራሷ ጣሪያ አላት። ይህንን ለሰው ሳትነግር አትውልም።

ዘንድሮ ግን ጭንቅ መጣ። ልጇ ፅናት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ መውለጃዋ ጥር ብርድ ላይ ዋለ። የበኩር ልጅን እናት ቤት ሄዶ መውለድ ደንብ ነው። የፅናት አማት ወርቂ ግን፣ «አራስ መኪና ውስጥ ልትተኛ? ያ ቆርቆሮ በብርድ ሊገድላት ነው! እኔ ቤት ትወልዳለች» አለች።

በለጡ ደሟ ፈላ። «መጥተው ይዩት፤ ከበረደዎት ይውሰዷት» ብላ ላከችባት።

ወዲያው ጭቃ በጭድ አቡክታ አውቶቡሱን ከውስጥ መረገችው፤ አገሯ ቤት የሚመረገው እንዲያ ነዋ! ጭቃው ሲደርቅ ከቆርቆሮው ላይ እየተላጠ ወረደ። ጎረቤቷ ዙሌካ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ወላሂ በለጡ፣ መኪና ሲመረግ ያየሁት ባንቺ ነው!»

«ገና ታያለሽ» አለቻት። የማሽላ አገዳ ሰብስባ ከመስኮቶቹ ብረት ጋር በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አሰረችና በላዩ ላይ ዳግመኛ መረገች። አሁን ያዘ። ዙሌካም ሳቋን ትታ እጅጌዋን ሰብስባ አገዘቻት።

ወርቂ ሆን ብላ ነፋስ የሚገርፍበትን ማለዳ መርጣ መጣች፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ። የመጣችበትን ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ሾፌር «ቆየኝ፣ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ» ብላው ገባች። በለጡ ማንንም የማታስቀምጥበትን የጋረደውን የሾፌር ወንበር ጋበዘቻት። ወርቂ ተቀምጣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። እናቷ ዘንድ የሰነበተችው ፅናት በስስ ቀሚስ ሆና ከጥግ ታያታለች።

ወርቂ ቆየት ብላ አንዱን ጋቢ አወለቀች። ጥቂት ቆይታ ሁለተኛውንም።

በለጡ ኩራቷን መደበቅ አቃታት። «በረደዎት እንዴ፣ እትዬ ወርቂ?»

ወርቂ ተነሥታ አንገቷን በበሩ አወጣችና ወደ ሪክሻው ጮኸች፦

«ሂድ አንተ! እስክትወልድ እኔም እዚሁ ነኝ።»