የደላት አስታማሚ

«ሆድሽን ሳቢ! ሳቢ እንጂ!»

ጓድ ይርገዱ የብርቱካንን ቀሚስ ከኋላ ይዛ ቁልፉን ለማስገባት ትታገላለች። ቁልፉ እንቢ አለ።

«ወይ ጣጣ! እኔ በሽተኛ አምጡልኝ ስል ሙሽራ ታመጡልኛላችሁ? እዩዋት እስቲ ጉንጯን!»

የብርቱካን እናት እታገኘሁ ከአዳራሹ ጓሮ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው ተጠርታ የመጣችው። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እብጠት ነው እመቤቴ።»

«ጓድ በይኝ አላልኩሽም?»

«እብጠት ነው ጓድ። ኩላሊቷ ነው እኮ። ጧት ጧት ዓይኗ እንኳ አይገለጥላትም። ይኸው ይዩት።» እታገኘሁ ጎንበስ ብላ የልጇን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ስፍራው ጎድጉዶ ቀረ።

«ይህን ከመድረክ ላይ ማን ያየዋል? እንግዳው የሚያየው የደላት ልጅ ነው።»

በእርግጥ ስህተቱ የጓድ ይርገዱ ብቻ አልነበረም። እኛ አገር ፊቱ ሞላ ያለ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው። ብርቱካን ማበጥ የጀመረች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ «ሸጋ ሆነችልሽ! ምን እየመገብሻት ነው?» እያለ እናቲቱን በደስታ ሲስማት ከርሟል። ሐኪሙ ግን «እዚህ የምናደርግላት ነገር የለም፤ ሳትዘገዪ አዲስ አበባ ውሰጃት» አለ። ውሰጃት ማለት ቀላል ነው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀቱን ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳታል። ያለ ይለፍ ደግሞ አንድ ኬላ እንኳ አይታለፍም።

የሹም መኪና ግን የኬላው ገመድ ከሩቅ ይነሳለታል። የጓድ ይርገዱ ባል ሹም ነው። ለሥልጠና ቡልጋሪያ ሲላክ እሷም ተከትላው ሄዳ ነበር፤ እዚያ ለሕመምተኛ መርጃ ምሳ ሲበላና ልብስ ሲታይ አይታ፣ የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር እንደመሆኗ እዚህ ጎንደርም ይደረግ አለች። ፒያሳ መሐል ያለው አዳራሽ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፦ «ለኩላሊት ሕመምተኞች መርጃ የምሳ ግብዣና የአልባሳት ትርዒት»። ሕመምተኞች የተባሉት ብርቱካን ናት። ምሳው ሲያበቃ በሹሙ መኪና አዲስ አበባ እንደምትላክ ቃል ተገብቶላታል። እታገኘሁ ለዚህ ስትል ሽንኩርት ክተፊ ቢሏት ከተፈች፣ ልጅሽ መድረክ ላይ ትቁም ቢሏትም እሺ አለች። ማን እናት እንቢ ይላል?

«ማሬ!» ብላ ጮኸች ጓድ ይርገዱ። ማሬ የወንድሟ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ልግባ ብላ ከአዲ አርቃይ የመጣች፣ በልታ የማትወፍር፣ እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነች። «በሽተኛዋ አንቺ ነሽ። ነጠላውን ተከናነቢና ሳዪ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ!»

«ዝም በይ! ለሕመምተኛ ነው። ብርቱካን ደግሞ የገበሬ ልብስ ለብሳ ትውጣ።»

«ምነው ጓድ?» አለች እታገኘሁ። «ታዲያ መኪናው?»

«አይዞሽ፣ መኪናው የልጅሽ ነው። ጓሮ ላይ ቀስ ብለን እናቀያይራቸዋለን።»

በአዳራሹ ውስጥ እንግዳው እስኪያልበው ይበላል። ብርቱካን እያነከሰች ብቅ ስትል አስተዋዋቂው «ይህች ጓዶች፣ የአብዮቱ ፍሬ ናት! የገበሬ ማኅበሩ ምርት በጉንጯ ላይ ይታያል!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዱ የክትፎ ጉርሻውን እንደያዘ «እህሉስ ደርሷታል!» ብሎ ሳቀ። ልጅቱ መቆም አቅቷት እየተወዛወዘች ግድግዳውን ተደገፈች፤ ዳንስ መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ማሬ እየሳለች ወጣች። ኩላሊት ያስላል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ወይዛዝርቱ መሐረባቸውን አውጥተው አለቀሱና፣ እንባቸውን ጠርገው የዶሮ ብልት ጨመሩ። ልቡ የተነካ ሰው ሆዱ ይጎድልበት ይመስል!

ይኼኔ ሹሙ ተነሳ። ጠጅም ገብቶበታል፤ በነጠላ የተከናነበችው የሚስቱ ወንድም ልጅ መሆኗን አላወቀም።

«ይህችን ምስኪን ልጅ አሁኑኑ፣ በዓይናችሁ እያያችሁ፣ በራሴ መኪና አዲስ አበባ እልካታለሁ! ሁላችሁም ውጡና ሸኟት!»

የጓድ ይርገዱ ፊት ጨው መሰለ። ጓሮ ላይ መቀያየር ቀረ። እታገኘሁ ከኋላ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄስ?»

«ሕዝቡን ታዪ የለም እንዴ? በሚቀጥለው ጉዞ ትሄዳለች።»

«እስከሚቀጥለው ጉዞ እሷ ትኖራለች?»

«ምን ያሟርትሻል? ደግሞ እኮ ደህና ትመስላለች!»

እታገኘሁን ጩኺ ጩኺ አላት፤ ግን ብትጮህ ሹሙ ያፍራል፣ ያፈረ ሹም ደግሞ መኪና አይሰጥም። ጩኸቷን ዋጥ አድርጋ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

መኪናው ደጅ ቆሟል። ከኋላ ሹሙ አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቹ የሚልከው ጤፍና ቅቤ ሞልቶታል። ከሾፌሩ ከአያ ቢሻው ጎን የቀረው ለበሽተኛዋና ለአስታማሚዋ የሚሆን ቦታ ብቻ ነው። የአስታማሚዋ ቦታ የእታገኘሁ ነበር። ማሬን እያጨበጨቡ አስገቧት።

«አስታማሚዋ የታለች?» አለ ሹሙ።

እታገኘሁ ብርቱካንን ወደፊት ገፋ አደረገቻት።

«አስታማሚዋ እሷ ናት ጌታዬ። እህቷ ናት።»

«ተመስገን!» አለች አንዷ ወይዘሮ ብርቱካንን ከላይ እስከ ታች እያየች። «እሷስ ደልቷታል፣ ታዝላትም የለ!»

ጓድ ይርገዱ ይህ ሁሉ እንግዳ ባለበት ምን ልትል ትችላለች?

እታገኘሁ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት በልጇ ደረት ሸጎጠችላትና በመስኮቱ በኩል ወደ ማሬ ተጠጋች።

«ማሬ ልጄ፣ እግሯን ከፍ አድርጊላት። ጨው እንዳታቀምሻት። ሐኪም ቤት ስትደርሱ በሽተኛዋ እሷ መሆኗን ንገሪልኝ።»

«እኔው አስታምማታለሁ እትዬ» አለች ማሬ። ማንም ሳያዛት ታለቅስ ነበር።

አያ ቢሻው ሞተሩን አስነሳ። ብርቱካን ያበጠ ፊቷን ወደ እናቷ እንዳዞረች መኪናው ወደ አዘዞ መንገድ ታጠፈ። እንግዳው አጨበጨበ። ጓድ ይርገዱም እያጨበጨበች፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ እታገኘሁ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ቀሚሱ የማኅበሩ ነው እኮ! ምነው ሳታስወልቂያት?»

«ስትድን ታወልቀዋለች።»

«በይ ሂጂ ወደ ጓሮ! ሳህኑ ተቆልሎ የለም እንዴ?»

እታገኘሁ ሽርጧን ፈታች። አጠፍ አድርጋ በጓድ ይርገዱ ክንድ ላይ አኖረችላትና መኪናው የሄደበትን መንገድ ይዛ ወረደች።